በአባባ ሰሌዳ ላይ የቀረችው አንዲት ቀዳዳ

ባሕር አቋርጦ ለሄደው ለታናሽ ወንድሜ ለሆራስ፤

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ ዶሪንስ እንደምን አለች? ጉልበቷ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግራታል ወይስ ያ ፀሐያችሁ አድርቆ አዳናት? ኪት ቁመቱ ካንተ አለፈ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ እግዜር ያሳድገው፣ ልብሱን ማን ቻለው ታዲያ? የትንሿ የሮዝሊን የፊት ጥርስ በቀለ? ሁለቱ አሁንም በአንድ ክፍል እየተራገጡ ነው የሚያድሩት? የአንተስ ጀርባ እንዴት ነው? ፋብሪካው የሌሊቱን ፈረቃ ተወልህ? ሁላችሁንም በያላችሁበት ጤና ያድርግልኝ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ በዚህ ቤት እስከ ዛሬ የተዋሸው ይበቃል።

ከገና ወዲህ ድምፄ በመጥፋቱ ተቀይመኸኝ ይሆናል። አትቀየመኝ። ፖስተኞቹ ሥራ አቁመው፣ የደብዳቤ ሳጥኑ ታሽጎ፣ ቴሌግራም እንኳ የሚቀበለኝ አጥቼ ነው የከረምኩት። ሰሞኑን ወደ ሥራ ሲመለሱ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ሆራስ፣ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ዶሪንም አጠገብህ ትሁን። አባባ ሞተ። ከቀበርነው ሳምንታት አልፈዋል። አንተ ግን እስከ ዛሬ በሕይወት እንዳለ ሰው ስታስበው ከርመሃል። መርዶ በወረቀት መንገር ደግ አይደለም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ከኔ በቀር የሚነግርህ የለም።

በእንቅልፉ ሄደ ብዬ ባጽናናህ ደስ ባለኝ። ሳንባውን ታውቀዋለህ፤ ዕድሜ ልኩን የሰንሰለት መሥሪያ እቶን ጭስ የጠጣ ሳንባ ነው። ከገና በኋላ ጉሙ ሲወርድ ደረጃ መውጣት አቃተውና አልጋውን ወደ ፊት ክፍል አወረድንለት። ትንፋሹ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጭ ነበር። ቀጥቃጭ ስለነበር እሱም ያውቀዋል፤ «ወናፉ አልቋል፣ እሳቱን አታባክኑ» ይለኝ ነበር፣ የከሰል ወጪ ሲያሳስበኝ እያየ። የሐኪሙን መድኃኒት አልጠጣም ብሎ አስቸገረኝ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሌዳውን ከግድግዳው አውርደን ከእግሩ በኩል እንድናቆምለት።

የአገሩ ገንዘብ ተለውጦ አዲሱ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለመታሰቢያ ቀድማ የወጣች አንዲት አዲስ ፔኒ አውቶቡሴ ላይ ከአንድ ተሳፋሪ ለምኜ አመጣሁለት። እንዲያው ልቡ ደስ ይለው እንደሆን ብዬ ነው። መዳፉ ላይ አገላበጣት፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋት፣ አራቃት፤ «ይቺ እኮ የሸሚዝ ቁልፍ ናት፤ ክሩ የሚገባበት የት አለ?» አለ። ሳቅኩ። ያቺ የመጨረሻ ቀልዱ ሆነች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሻይ ላፈላለት ጓዳ ገብቼ ስመለስ አልቋል። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ወደ ሰሌዳው ነበር የሚያየው።

ሰሌዳውን እንዴት ትረሳዋለህ። ያንን የአሮጌ ቁምሳጥን በር በመሰርሰሪያ ሲበሳው እንጨቱን የያዝክለት አንተ ነህ። ከድሮዋ ንግሥት የወጣትነት መልክ ጀምሮ በየዓመቱ ለወጣችው ፔኒ አንድ አንድ ቀዳዳ፣ ከሥሩ ዓመቷ በጋለ ሽቦ የተጻፈ። አንተ ያኔ አፍንጫህን መጥረግ የማታውቅ ልጅ ነበርክ። የ1902ቷን ፔኒ አባባን ደስ ላሰኝ ብለህ በኮምጣጣው ስጎ ፈትገህ እንደ ወርቅ ስታብለጨልጫት ትዝ ይልሃል? የተፈተገች ፔኒ በአሮጌ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋ የላትም፤ ጠይም መልኳ ነው ክብሯ። አባባ ግን አልተቆጣህም። «ይቺን ልጁ ነው ያጠባት» ብሎ እዚያው ቀዳዳዋ ላይ አስገባት። ዛሬም ከነዚያ ሁሉ ጠይማን መካከል እንደ ወርቅ ጥርስ ታብረቀርቃለች። ሌላ ንጹሕ አግኝቶም አልለወጣትም።

አገር ምድሩ ጥቂት ብቻ የተመታችውን የ1933ቷን ፔኒ ሲያሳድድ አባባ «እሷ የጌቶች ጣጣ ናት» እያለ ይስቅ ነበር፤ ቀዳዳም አልበሳላትም። የሱ ሌላ ናት። ለንደን ሳይሆን እዚህ እኛው ዘንድ፣ በርሚንግሃም የተመቱት ፔኒዎች ከዓመቱ ቁጥር በስተግራ ጥቃቅን ፊደል አላቸው፤ ለነሱ ለብቻቸው ቀዳዳ በስቶላቸዋል። ሁሉም ሞላ፤ የ1919ኟ ባለ ሁለት ፊደል ብቻ ቀረች። እማማ እኔን አርግዛ፣ ሆዷ ከማሽኑ ጋር እስኪጋጭ ድረስ የሠራችው እሷ በተመታችበት ፋብሪካ ነው። «በእናታችሁ እጅ ያለፈች ልትሆን ትችላለች» ይለን ነበር። ለዚህ ነው ከሁሉ አብልጦ የሚፈልጋት ብለን የምናምነው።

አንተ የሄድክ ለት ባቡር ጣቢያው ላይ እኔም ቆሜ ነበር። የኮቱን እጅጌ ይዘህ «አብረኸን ና፣ አባባ» ስትለው ሰምቻለሁ። እሱም «ያቺ ቀዳዳ ትሙላ እንጂ በማግስቱ መርከብ ላይ ነኝ፤ ፔኒዋን በገዛ እጄ አመጣልሃለሁ» አለህ። አንተ አመንከው። ከቤትህ ጀርባ ክፍል ሠራህለት፤ አልጋው ተነጥፎ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተሰቅሎ ፎቶውን ላክልን። ገና በመጣ ቁጥር ካርድህ ላይ «ቀዳዳዋ ሞላች?» ትል ነበር። አባባም ፎቶውን ለመንደሩ ሁሉ ያሳይ ነበር። «ይሄ የኔ ክፍል ነው፣ አውስትራሊያ፤ የኛ ልጅ የሠራልኝ» ይላቸዋል። እነሱም «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ኪራይ እንዲወርድ ነው?» ይሉታል።

እኔም አመንኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ የዚህ አገር ፔኒ ሁሉ በኔ ቦርሳ ያልፋል። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አንዲት ፔኒ ሳላገላብጥ ቦርሳዬ የገባች የለችም። አውቶቡሱ እየተንገጫገጨ፣ ሰዉ «መልሴን ስጪኝ እንጂ እመቤት፣ ልወርድ ነው» እያለ፣ እኔ በፔኒው ጀርባ ካለችው ባለ ጋሻ ሴት እግር ሥር ያለውን የዓመት ቁጥር አነባለሁ። ጣቶቼ ጠቁረው በሳሙና አልለቅ አሉ። አባባም አልተኛም፤ ቢያንስ ያልተኛ ይመስል ነበር። መጠጥ ቤት ሲገባ «ኢኖክ መልሱን አንብቦ እስኪጨርስ የቢራው አረፋ ይጠፋል» ይሉታል። ጸሎት ቤት የመባውን ሳህን ሲያዞር ከሳህኑ ፔኒ አንስቶ ሌላ ፔኒ ሲተካ ሰባኪው አይተውት «ሚስተር ትሮማንስ፣ እግዚአብሔር እኮ ዓመቱን አያይም» ብለውታል። ጉባኤው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ሲሪልን ታስታውሰዋለህ፣ ተቆጣጣሪ የነበረውን ረጅሙን። ላግባሽ ብሎኝ ነበር። ለአንተ አልጻፍኩልህም። ኮቨንትሪ የተሻለ ሥራ አግኝቶ አብረሽኝ ነይ አለኝ። «አባባ ወንድሜ ጋ ሲሄድ እመጣለሁ፤ አንዲት ፔኒ ብቻ ናት የቀረችን» አልኩት። ጠበቀኝ፤ ሰው ሊጠብቅ የሚችለውን ያህል ጠበቀ። ከዚያ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። ክፉ ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ አግኝቻት ነበር፣ ሆራስ። ሲሪል ላግባሽ ሳይለኝ፣ ገና ሲያዋራኝ ነው። አሮጌ ፔኒ፣ ዓመቷ 1919፣ በስተግራዋ ሁለት የተበሉ ጭረቶች። ሥራዬን እንደጨረስኩ ሮጬ ቤት ገባሁ። አባባ መነጽሩን አደረገ፣ አጉሊ መስታወቱን አመጣ፣ መስኮት ጋ ሄደ። ብዙ ቆየ። «አይደለችም» አለኝ፤ «ጭረት ነው፣ ጭቃም አለበት። ዓይንሽ ደክሟል አንቺ ልጅት»። ከዚያ «ጋዙ ሊያልቅ ነው» ብሎ ተነሳና ፔኒ ሲጎርስ ጋዝ በሚለቀው ቆጣሪ ቀዳዳ ውስጥ ከተታት። ቀጨጭ ብላ ወደቀች። በሷ እሳት ሻይ አፍልተን ጠጣን። ይቺን በኋላ ስለምመለስባት አትርሳት።

አሁን ወደ ሞቱ ልመልስህ። ዓይኑን ባየሁት ጊዜ ሄጄ የጠራሁት ሚስስ ዊሌትስን ነው፤ ከኛ ሁለት በር አለፍ ብለው ያሉትን አሮጊት። አማታቸው እኔንና አንተን አዋልደዋል፤ እሳቸው ደግሞ የዚህን መንገድ ሬሳ ሁሉ አጥበዋል። ፎጣ፣ ሳሙናና ያቺን አሮጌ የትንባሆ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። በቆርቆሮዋ ውስጥ በብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀለሉ ሁለት ፔኒዎች አሉ። የሁላችንንም ሙታን ዓይን የዘጉት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ከአማታቸው ወረሷቸው። እማማም በነሱ ነው የተኛችው። አይሸጡም፣ አይለወጡም፣ ማንም አተኩሮ አያያቸውም፤ ከሬሳ ዓይን ላይ ፔኒ ካነሳ ሰው የባሰ ክፉ በኛ መንደር አይታወቅም። ሚስስ ዊሌትስ ምን ጊዜም የንጉሡን ራስ ወደ ላይ፣ ሴትዮዋን ወደ ታች አድርገው ነው የሚያስቀምጧቸው፤ ስለዚህ ዓመቷ የሚያርፈው የሟች ቆዳ ላይ ነው። አባባንም እንዲያ አድርገው ዘጉት። መጋረጃ ተዘጋ፣ መስታወቱ ተሸፈነ፣ መንደሩም መስኮቱን ሁሉ ጋረደለት።

የቀብሩ ለት ጠዋት ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ፔኒዎቹን ሊያነሱ መጡ። እኔ ብቻ ነበርኩ አብሬያቸው። ሰማንያን አልፈዋል፣ ጣታቸው እንደ ድሮው አይጨብጥም። አንደኛዋ አምልጣ ወደቀችና ተንከባልላ እግሬ ሥር ተኛች፤ ሴትዮዋ ወደ ላይ። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ማየት አልፈለግኩም፤ ዓይኔ ነው ልማዱን ያደረገው። 1919። ከቁጥሩ በስተግራ ሁለቱ ፊደላት፣ ኬ እና ኤን፤ አንድ ቀን ያልተገበየባት፣ ትናንት የተመታች ትመስላለች።

የተሰማኝን ልንገርህ፤ ያሳፍራል ግን እነግርሃለሁ። ደስታ ነው የተሰማኝ። «አባባ፣ አገኘኋት» ልለው ወደ ሳጥኑ ዞርኩ።

ቀና ስል ሚስስ ዊሌትስ አልደነገጡም። ያኔ ነው የነቃሁት። «ስጪኝ ልጄ፣ አባትሽ ያውቃታል» አሉኝ። «ምን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ለእንግዶቹ የተዘጋጀው የአሳማ ሥጋ በጨርቅ ተሸፍኖ ከጓዳ ይሸታል፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ቃል በቃል የነገሩኝን ልጻፍልህ። «እናትሽ የሞተች ጊዜ ፔኒዋን ከዓይኗ ሳነሳት አባትሽ አጠገቤ ነበርና ዓመቷን አየ። አንቺ የተወለድሽ ለት እናትሽ ለአማቴ የከፈለቻት ፔኒ እሷ ናት፤ ከፋብሪካው ይዛት የመጣችው። አማቴ እንዲህ ያለች አዲስ አይቼ አላውቅም ብላ ከዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻት፣ በዚያው ቀረች። እኔ ሰሌዳውን ስለማውቅ፣ ውሰዳት ኢኖክ፣ ለሙታን ሌላ አገኝላቸዋለሁ አልኩት። መልሶ እጄ ላይ አስቀመጣት። አይሆንም አለኝ። ‹በሚስቴ በሊያ ዓይን ላይ የነበረች በኔም ዓይን ላይ ትሁን፤ ከዚያ አብራኝ ትውረድ፤ እስከዚያ አንቺ ጋ ትቆየኝ› አለ። ቃል አስገባኝ።»

«ሆራስስ?» አልኳቸው። «ቀዳዳዋ ስትሞላ እመጣለሁ ሲለው፣ የት እንዳለች እያወቀ ነው?» እሳቸውም፣ «እያወቀ ነው። ያን ለት ከጣቢያው ሲመለስ እኔ ጋ መጥቶ ከእሳቱ ዳር ተቀመጠ። ‹ልጁ እጅጌዬን ይዞ ሲለምነኝ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ፤ ሊያን ጥዬም ከዚህ አፈር አልነቃነቅም፤ ስለዚህ የማትሞላ ቀዳዳ ሰጠሁት፤ የሚጠብቅ ልጅ እምቢ ከተባለ ልጅ ይሻላል› አለኝ። አለቀሰ ደግሞ። አባትሽ ሲያለቅስ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።»

«ስለ እኔስ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስለ አንቺማ ምንም አላለም፤ አንቺ እዚሁ ነሽ» አሉኝ።

እዚሁ ነኝ፣ ሆራስ። እውነታቸውን ነው። ያኔ ያቺ በጋዝ ቆጣሪው የወደቀችው ፔኒ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀጨጭ አለች። ጭረት አልነበረም። ጭቃም አልነበረባትም፤ መስኮት ጋ ያን ያህል የቆየው ስላወቃት ነው። ቀዳዳዋ ብትሞላ መሄድ አለበት፤ ወይም ለአንተ እውነቱን መናገር አለበት። ሁለቱንም ፈርቶ ፔኒዋን ለቆጣሪ አበላት፤ ከሷ ጋር ሲሪልንም፣ ያንተንም ክፍል፣ የኔንም ዕድሜ። ሻዩን ሲጠጣ «ዛሬ ጥሩ አፍልተሻል» ብሎኝ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። በኛ ቤት መዳቡ ሲጠበቅ በእጅ የነበርነው እኔና አንተ ነን የተረሳነው።

የሳጥን ሠራተኞቹ በሩን አንኳኩ። ሚስስ ዊሌትስ እጃቸውን ዘረጉ፤ «ስጪኝ ልጄ፣ ሳይዘጉት ከጎኑ ላኑርለት፣ ቃል ገብቼለታለሁ» አሉኝ። አልሰጠኋቸውም። ጓንቴ ውስጥ ከተትኳት። አይተውኛል። ያቺን ሌላኛዋን ተራ ፔኒ በመዳፉ ውስጥ አስጨብጠውት ወጡ። እንግዲህ ከሬሳ ዓይን ላይ ፔኒ ያነሳች ሴት ብለው የሚያወሩላት እህትህ ናት። ለማንም አልነገሩም፤ እሳቸው አይናገሩም። እኔ ግን ላንተ ነገርኩህ።

ቀብሩ ማለፊያ ነበር። ዝናብ ነበር፣ ግን ሰዉ አልቀረም። የድሮ የሰንሰለት ባልደረቦቹ ናቸው የተሸከሙት፤ ከእማማ ጎን አስተኛነው። አፈሩ ሲመለስ ሽማግሌው ጆብ «ኢኖክ ዛሬ መልሱን ሳያይ ሄደ» አለ። ሰዉ እየሳቀ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ፔኒዋ በጓንቴ ውስጥ መዳፌን ትቆረቁረኛለች። «ኦሊቭ ጠንካራ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። ሥጋውን ቆረጥኩላቸው፣ ሻይ ቀዳሁላቸው፣ ሁሉም በልቶ ጠጥቶ አመስግኖ ሄደ።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ፔኒዋን ቀዳዳዋ ላይ አስገባኋት። ልክክ አለች። ሞላች፣ ሆራስ። ዕድሜ ልካችንን የጠበቅናት ነገር ሆነች፤ ምንም ግን አልተለወጠም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ምድጃው ይጤሳል። ያኔ አንድ ነገር አየሁ። የሌሎቹ ቀዳዳዎች ጠርዝ ሻካራ ነው፤ የሷ ብቻ ጠቁሮ ለስልሷል። እሑድ እሑድ ካንተ የመጣ ካርድ ካለ ካርዱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ባዶዋን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ሲያሻት አየው ነበር። ፔኒዋን ናፍቆ ነው እል ነበር። ፔኒዋ የት እንዳለች ካወቀ ታዲያ ምን ናፍቆ ነው? አንተው መልሰው፤ እኔ ስለሱ የማውቀው የመሰለኝ ሁሉ ውሸት ሆኖብኛል።

እዚህ አዲሱ ገንዘብ ገብቷል። አሮጊቶቹ መልሳቸውን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው «ሰርቀሽኝ እንዳይሆን» ይሉኛል፤ እኔም እነሱም እኩል አናውቀውም። አሮጌዎቹ ፔኒዎች በካልሲና በማሰሮ እየተጫኑ ወደ ባንክ ይሄዳሉ፤ ቀልጠው ሌላ ነገር ይሆናሉ አሉ። ኦገስት ሲያልቅ ፈጽሞ አይሠሩም። ጣቴ ግን አሁንም ያገላብጣቸዋል። ትናንት አንዲት የ1919 አገኘሁ፣ ተራዋን። ልነግረው ወደ ቤት ፈጠንኩ፤ በሩ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ ቁልፉን እንደያዝኩ ደጅ ላይ። ተናድጄም እወደዋለሁ፤ ይሄ ነው ችግሬ።

ሰሌዳውን በሣጥን አሽጌ በመርከብ ልኬልሃለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ብዙ ቆይቶ ይደርሳል። ፔኒዋ ቀዳዳዋ ላይ ናት፣ በሰም አጣብቄያታለሁ። የአንተ የ1902ቷም አለች፣ ዛሬም ታብረቀርቃለች። ባሕር ብትጥለው አልቀየምህም፤ ግድግዳ ላይ ብትሰቅለውም አልቀየምህም። እዚህ ቤት ውስጥ ግን አላኖረውም። አባባን ይቅር በለው አልልህም፤ እኔ ራሴ ገና ነኝ።

ዶሪንን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ለአባባ ብላ የሠራችውን የሱፍ ካልሲ አድርጌለት ነው የተቀበረው፣ ይሄን ንገራት። ሮዝሊንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጥርሷ ሲበቅል ፎቶ ይላክልኝ። ለኪት አያትህ ፎቶህን ትራሱ ሥር ነበር የሚያኖረው በለው፤ ይሄ እውነት ነው፣ ከዚያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የኋላውን ክፍል ለኪት ስጠው። አልጋውን አሁኑኑ ይረከብ፤ ትልቅ ልጅ ነው፣ ከእህቱ ጋር መራገጥ ይብቃው። ይህን ስታነብ «እንግዲያው አንቺ ነይ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው» ብለህ ልትጽፍልኝ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ፤ ደግ ልጅ ነህ፣ ዱሮም ደግ ነበርክ። አልመጣም፣ ሆራስ። ይኸው፣ አንዲት ቃል ናት። አባባ ይህችን ማለት አቅቶት ነው።

እህትህ ኦሊቭ
ክራድሊ ሂዝ፣ ማርች 1971